ደቂቃዎቹን ንገሩን

ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለሕንፃ ፈቃድ ሰጪዎች፣ በአደጋ ማግስት ማይክ ፊት ለምትቆሙ ሁሉ

የተከበራችሁ፣

የምጽፍላችሁ ከዘጠነኛ ፎቅ ነው። መስኮቴን ከፍቼ ወደ ታች ስመለከት የቆሙት መኪኖች የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። ቤቱን ስከራይ የወደድኩት ነፋሱንና እይታውን ነበር። አሁን እዚያው መስኮት ላይ ስቆም የሚመጣብኝ ሐሳብ ሌላ ነው። መሰላላችሁ እዚህ ይደርሳል?

አፓርታማ ተቃጥሎ ሰው ባለቀ ቁጥር፣ አገሩ የትም ይሁን፣ ሕዝብ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ኃላፊው ይውረድ ይላል። እናንተ ትገረማላችሁ። "ሰው ስሜታዊ ሆኗል" ትላላችሁ። "ሐዘኑን ሌሎች መጠቀሚያ እያደረጉት ነው" የምትሉም አላችሁ። ቁጣውን በቅርብ ስለማውቀው፣ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ።

እሳት ስለተነሳ ብቻ ማንም አይቆጣም። እሳት ይነሳል። ሽቦ ይግላል፣ ምድጃ ላይ ድስት ይረሳል፣ ቻርጅ ላይ ያደረ ባትሪ ይፈነዳል። ሰው ይህን ያውቃል። ደሙ የሚፈላው መግለጫው የተነበበ ቀን ነው።

መግለጫችሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። "በደረሰው አደጋ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል። እሳቱ በባለሙያዎቻችን ከፍተኛ ርብርብ በቁጥጥር ሥር ውሏል። የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ይገኛል። ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።" አራት ዓረፍተ ነገር። አንድም ሰዓት የለበትም። ስልኩ መቼ ተደወለ? መቼ ተነሳ? መኪናው ከግቢ መቼ ወጣ? መቼ ደረሰ? ከደረሰ በኋላስ የመጀመሪያው ውሃ መቼ ተረጨ? ለመሆኑ "ከፍተኛ ርብርብ" ስንት ደቂቃ ነው?

የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ደቂቃዎቹን ንገሩን።

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር፣ "ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ እንዲያደርግ" የምትለው፣ ስትታይ የዋህ ናት። ግን ቀስ ብላ ጥፋቱን ወደ ሟቹ ታሻግራለች። ሽግግሩ በግልጽ ሲነገር ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ኡሩምቺን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2022 በዚያች የቻይና ከተማ በአንድ መኖሪያ ሕንፃ 15ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሳ። ከተማዋ በኮቪድ ምክንያት ከ100 ቀን በላይ ተዘግታ ነበር። እሳቱ ከምሽቱ 1፡49 ላይ ተነስቶ የጠፋው 4፡35 ላይ ነው። በመንግሥት ቆጠራ 10 ሰው ሞተ። ሰዎች በስልክ የቀረጹት ምስል ውሃው ቀስት ሠርቶ ሕንፃው ጋ ሳይደርስ ሲወድቅ ያሳያል። ከዚያ መግለጫ ተሰጠ። አንድ የእሳት አደጋ ኃላፊ፣ አንዳንድ ነዋሪዎች ራሳቸውን የማዳን አቅማቸው ደካማ እንደነበር ተናገሩ።

እስቲ አስቡት። ለወራት "ከቤት እንዳትወጣ" ሲባል የከረመ ሰው፣ ሲሞት "ለምን ሮጠህ አልወጣህም" ተባለ። በቀናት ውስጥ በሻንጋይ፣ በቤጂንግ፣ በሌሎችም ከተሞች ወጣቶች ነጭ ወረቀት ይዘው ቆሙ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። የሚጻፈውን ሁሉም ያውቀው ነበር። አንድ እሳት ሁለት ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነደደ፤ ከእሳቱ ይልቅ ሰውን ያነደደው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ደግሞ ደቂቃዎቹ የተነገሩበት ቦታ ልውሰዳችሁ። ለንደን፣ ግሬንፌል ታወር፣ እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017። 24 ፎቅ፣ አንድ ደረጃ፣ 72 ሟች። የምርመራው የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ሰባት ዓመት! እሱ ራሱ ሌላ በደል ነው፣ አሁን አልገባበትም። ግን ምርመራው አንድ ነገር አድርጓል። ሌሊቱን በደቂቃ በደቂቃ ቆራርጦ ለሰው አቅርቧል።

ስልኩ የተደወለው ከሌሊቱ 6፡54 ነው። 4ኛ ፎቅ፣ ማዕድ ቤት፣ ፍሪጅ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በአምስት ደቂቃ ገደማ ደረሱ። ልብ በሉ፣ አልዘገዩም። በእናንተ መግለጫ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ "በፍጥነት ደርሰናል" ይባላል። ግን ሰዓቱ መቁጠሩን አላቆመም። እሳቱ በመስኮት ወጥቶ የሕንፃውን ልባስ ያዘ። ልባሱ በ2016 በተጠናቀቀ እድሳት የተለጠፈ የአሉሚኒየም ገበታ ነው፤ በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል ፕላስቲክ አለው። 7፡30 ሳይሞላ ነበልባሉ ጣሪያ ነካ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ እሳት አደጋ የሚደውሉ ነዋሪዎች "ቤታችሁ ቆዩ" ይባሉ ነበር። ምክሩ ከመሬት ተነስቶ የተፈጠረ አይደለም። በኮንክሪት የተከፋፈለ ሕንፃ ውስጥ እሳት ከተነሳበት ቤት ሳይወጣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይታገዳል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሌላው ሰው ቤቱ ቢቆይ ይሻላል፣ ደረጃውም ለእሳት አጥፊዎቹ ክፍት ይሆናል። እሳቱ ግን በውጭ በኩል እየወጣ ነው፤ ግድግዳው ምን ያግደዋል? ምክሩ የተቀየረው 8፡47 ላይ ነው። ምርመራውን የመሩት ዳኛ ሰር ማርቲን ሙር ቢክ በ2019 ሪፖርታቸው ሰዎቹ መውጣት የነበረባቸው ከ7፡30 እስከ 7፡50 ባለው ጊዜ እንደነበር አስቀመጡ።

ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያቺን አንድ ሰዓት የትኛው መግለጫ ይነግረን ነበር? የለንደን እሳት አደጋ ብርጌድ ኮሚሽነር እንኳ ለምርመራው ሲመሰክሩ፣ በዚያ ሌሊት ካደረግነው የምቀይረው ነገር የለም ብለው ነበር። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ካሰቡት ጊዜ ቀድመው ከሥልጣናቸው ወረዱ።

ያንን ሪፖርት ካነበብኩ በኋላ ነው እኔም ደብተር የያዝኩት።

መነሻዬ የራሳችን ሕንፃ ነው። ማንም አልሞተም፤ ለዚህ ነው ወሬ ያልሆነው። አንድ ምሽት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካለው የቆጣሪ ሳጥን ጭስ ወጣ። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ዓይነት ሽታ፣ ቀጥሎ ቢጫማ ጭስ። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። ያነሳው ሰው "የት ሰፈር?" አለኝ። ነገርኩት። "ከምን አጠገብ?" ነገርኩት። "መኪና ያስገባል?" አለኝ።

እኔን ነው የጠየቀኝ! መሥሪያ ቤታችሁ መኪናው የእኛ በር ጋ ይግባ አይግባ የሚያውቀው ጭስ ውስጥ ቆሞ ከሚያስል ደዋይ ነው።

መኪናው የመጣው በ34ኛው ደቂቃ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ጎረቤት ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ለግንባታ ከተቀመጠው አሸዋ በባልዲ ደፍቶበት ጨርሷል። የመጡት ልጆች ሳጥኑን አዩ፣ "ጎበዝ" አሉን፣ ፎርም አስፈርመው ሄዱ። ፎርሙ ላይ የተደወለበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶ ነበር። ልሙላው ስል "እሱን ቢሮ ይሞሉታል" አሉኝ። አሁን ድረስ እያሰብኩ ነው፣ ቢሮ ያለው ሰው እኔ የደወልኩበትን ሰዓት ከየት አምጥቶ ይሞላዋል?

ለእኔ ግን ከ34ቱ ደቂቃ ይልቅ የከበዱት 11ዱ ናቸው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ። ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም፤ ሊፍት ከሌለ አይወጡም። በዚያ ምሽት ሊፍት መጠቀም አይቻልም። ክንዳቸውን ይዤ ወረድን። በየመታጠፊያው ይቆማሉ። "አንተ ሂድ ልጄ፣ እኔ እደርሳለሁ" ይሉኛል። አምስተኛ ፎቅ ላይ አረፍ ስንል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን እሳት ማጥፊያ አየሁት። በየቀኑ አልፌዋለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም። የሳንቲም ያህል ክብ መስታወት አለው፤ መርፌዋ አረንጓዴው ላይ መቆም ሲገባት ቀዩ ላይ ተኝታለች። የተመረመረበትን ቀን የሚያሳየው ወረቀት ፀሐይ ነክቶት ነጭ ሆኗል። መንጠቆው ላይ የሆነ ሰው ጃንጥላ ሰቅሎበታል።

ታች ስንደርስ የኋላው የአደጋ ጊዜ መውጫ በጓጉንቸር ተዘግቷል። ቁልፉ ዘበኛው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ጋሼ ደግሞ ጭሱን አይተው ወደ ፊት በር ሮጠዋል። እማማ ብረቱን ይዘው ቆሙ። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። "እንዲህ ነው እንዴ?" አሉ ብቻ።

በኋላ ከጎረቤቶች ጋር ሆነን ደጋግመን ለካነው። እኔ ብቻዬን ከዘጠነኛ ፎቅ ስወርድ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። እማማን ይዤ ከሰባተኛ 11 ደቂቃ። ሁለት ልጅ የያዘች እናት ከስምንተኛ 4 ደቂቃ ተኩል። ይህ ሁሉ በብርሃን፣ ያለ ጭስ፣ እየሳቅን ነው። ጨለማና ጭስ ሲጨመርበት ስንት እንደሚሆን አልሞከርነውም።

ለምን እንዲህ ደቂቃ ላይ ሙጭጭ እንዳልኩ የእናንተ ባለሙያዎች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስፖንጅ ሶፋና ፕላስቲክ ዕቃ የሞላበት የዛሬ ሳሎን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዳር እስከ ዳር ሊንበለበል ይችላል። የድሮው የእንጨትና የጥጥ ዕቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሰጥ ነበር። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለከተማ ብርጌዶች ባወጣው መለኪያ ለመጀመሪያው መኪና የሚሰጠው የጉዞ ጊዜ 4 ደቂቃ ነው፤ ለመልበስና ለመነሳት ደግሞ 80 ሰከንድ። ይህን ቁጥር ማሟላት ከባድ ነው፣ አሜሪካ ውስጥም ሁሉም አያሟላውም። ግን ቁጥር ነው። ሰው ይይዘዋል፣ ይጠይቅበታል።

ደግሞ ሰው በእሳት ሞተ እንላለን እንጂ በአብዛኛው የሚገድለው ጭሱ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በኒውዮርክ ብሮንክስ ባለ 19 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ 17 ሰው ሞተ፤ 8ቱ ሕፃናት ናቸው። እሳቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካስነሳበት ቤትና ከበሩ አካባቢ ብዙም አልራቀም። ራሱን በራሱ መዝጋት የነበረበት በር ሳይዘጋ ቀረ፣ ጭሱም ደረጃውን ጭስ ማውጫ አድርጎት ወጣ። ማስጠንቀቂያ ደወሉ ጮኋል። ነገር ግን በየጊዜው ያለ ምክንያት ስለሚጮህ ብዙዎቹ ጆሮ አልሰጡትም። ለጎረቤቶቼም በዚህ አጋጣሚ፦ የደረጃውን በር በድንጋይ ደግፋችሁ የምትከፍቱት ነፋስ እንዲገባ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም አደርገው ነበር።

ፈቃድ ሰጪዎች፣ እናንተን የረሳኋችሁ እንዳይመስላችሁ። በሴፕቴምበር 2023 በሃኖይ 56 ሰው የሞተበት ሕንፃ የተፈቀደለት 6 ፎቅ ነበር። የተሠራው 9 ነው፤ ከላዩ ጭማሪም ነበረው። ያለው ደረጃ አንድ ነው፣ መስኮቶቹ ብዙዎቹ በብረት ታጥረዋል፣ መግቢያው ጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ መኪኖቹ ብዙ መቶ ሜትር ርቀው ቆመው ቱቦ ጎተቱ። ሦስት ፎቅ ሲጨመር ማንም አላየም? ፎቅ እኮ በኪስ አይደበቅም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 31፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ 76 ሰው የሞተበት ሕንፃ ደግሞ የከተማው አስተዳደር የራሱ ንብረት ነበር።

ሆንግ ኮንግ ላይ የሆነው የቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2025 እድሳት ላይ የነበሩ ባለ 31 ፎቅ ሕንፃዎች ተያያዙ፤ ከስምንቱ ሰባቱ ነደዱ፣ ከ150 በላይ ሰው ሞተ። መስኮቶቹ በፎም ተሸፍነው ነበር፣ ማስጠንቀቂያ ደወሎቹም በወጉ አልሠሩም። ነዋሪዎች ለእድሳቱ ሕንፃዎቹ ስለተሸፈኑበት መረብ ከዓመት በፊት አቤት ብለው ነበር፤ የተሰጣቸው መልስ የእሳት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው የሚል ነው። ግሬንፌልም እንዲሁ ነው። ነዋሪዎቹ ከቃጠሎው ሰባት ወር በፊት፣ ሰሚ ካላገኘን የሚያነቃችሁ ብዙ ሰው የሚሞትበት አደጋ ብቻ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፈው ነበር። እናንተ በየስብሰባው "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለውን ተረት ትወዱታላችሁ። ሰዎቹ ቅጠሉን ይዘው ደጃችሁ ቆመው ነበር። ሰሚ ግን አላገኙም።

አንድ ነገር ይለይልኝ። ጭስ ውስጥ ለሚገባው ልጅ ክፉ ቃል የለኝም። ቱቦው ቢያጥር የገዛው እሱ አይደለም። ውሃው ቢያልቅ ቦቴውን ያልሞላው እሱ አይደለም። የተቆጣ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው ግን እሱን ነው። ስድቡም ድንጋዩም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ መግለጫ አንባቢው ቢሮ ውስጥ ነው። ደቂቃዎቹ ቢነገሩ መጀመሪያ የሚጠቀመው ይህ ልጅ ይመስለኛል። ጥሪው ከመቀበያው ወደ ጣቢያው እስኪተላለፍ 9 ደቂቃ እንደፈጀ ቢታወቅ፣ ሰው ለምን መኪናው ላይ ይጮሃል?

እንግዲህ የምፈልገውን በግልጽ ልበል። ሰው የሞተበት እሳት በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ አውጡልን። ስልኩ የተደወለበት፣ መኪናው የተነሳበት፣ የደረሰበት፣ ውሃ የተረጨበት፣ "ውጡ" ወይም "ቆዩ" የተባለበት ሰዓት ይኑርበት። መንስኤው ይቆየን፤ እሱ ምርመራ ይፈልጋል። ሰዓት ግን ምርመራ አይፈልግም፣ የጥሪ መቀበያችሁ ማሽን ላይ ተመዝግቧል። ቤተሰቡ ይህን ገጽ ከጋዜጠኛ ቀድሞ ያግኘው። የድምፅ ቅጂውንም ልስማ ካለ አሰሙት። በሌላው ቀን ደግሞ፣ እሳት በሌለበት ቀን፣ መኪናችሁን ይዛችሁ ወደየሕንፃው ኑ። በሩ ላይ ይሞክር፣ ይዙር፣ መሰላሉን ይዘርጋ። የማይገባ ከሆነ ያኔ እንወቀው። ግቢው ላይ መኪና የሚያቆመውን ጎረቤት እኔ ብነግረው "ምን አገባህ" ይለኛል፤ ቀዩ መኪናችሁ ከኋላው ቆሞ ሳይረን ቢነፋ ግን ይገባዋል።

ውድ ነው ትሉ ይሆናል። ነዳጅ ይፈጃል። አንድ ገጽ ማሳተምም ወጪ ነው ካላችሁ ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ።

"ይህን ብናወጣ ሕዝብ ይቆጣል" ብላችሁም ትፈሩ ይሆናል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ገለልተኛ አጣሪ ይቋቋም ብሎ ፊርማ ያሰባሰበ ተማሪ በፖሊስ ተይዞ ነበር። በዚህ የተረጋጋ ሰው ካለ እስኪ ንገሩኝ። እኔ በበኩሌ 34 ደቂቃ መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ ቁጣዬ ቀንሷል ባልልም ቦታ ይዟል። ጓጉንቸሩ ላይ፣ መርፌዋ ላይ፣ "መኪና ያስገባል?" ላይ ተቀምጧል። ያ ባይሆን ኖሮ ሁላችሁም ላይ በጅምላ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የደብተሬን ሦስት ገጽ ቅጂ አያይዣለሁ። የደወልኩባቸው ሁለት ሰዓቶች፣ የመጣችሁበት፣ የሄዳችሁበት፣ የእኛ የደረጃ ልኬቶች አሉበት። እሳት ማጥፊያውን ነዋሪው አዋጥቶ አስሞልቶታል። የኋላው በር ቁልፍ አሁን ከበሩ ጎን፣ በእማማ ቁመት ልክ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቁመቱን የለኩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ፎርሙ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ስትሞሉት አንድ ቅጂ ላኩልኝ።

የዘጠነኛ ፎቅ ነዋሪ